ከሰላምታው የቀረው ግማሽ

ምስጋና ምላስንም ዝምታንም ለፈጠረው አላህ ይሁን። ለእንግዳ ፊታቸውን አጥቁረው በማያውቁት ነቢያችን ላይ ሰላትና ሰላም ይውረድ።

ስሟን መጥራት በማያስፈልገን አንዲት አሮጌ ከተማ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ከተማዪቱ ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ የታጠረች ናት፤ በሯም ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲያበቃ ይዘጋል። ሐጂ ከባዶ እጅ የተነሡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የሰው ጣቃ ተሸክመው ገበያ ለገበያ ዞረዋል፤ ሲሸመግሉ አላህ የራሳቸውን ሱቅ ሰጣቸው። ጨርቅ በክንዳቸው ሲለኩ አያሳጥሩም። ዋጋቸው አንድ ነው። "ወላሂ" ብለው ምለው ዕቃ ሸጠው አያውቁም። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ "ሐጂ ጦይብ የተናገሩትን እንቀበላለን" ብለው ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር።

ሐጂ ከገንዘባቸው ይልቅ ቃላቸውን ይቆጥቡ ነበር። ምክንያታቸውም ዲን ነው። ያመነ ሰው መልካም ይናገር፣ አለዚያ ዝም ይበል የሚለውን ሐዲስ ገና በልጅነታቸው ከሸኻቸው ሰምተው አጥብቀው ይዘውታል። ምላስ ስንቱን ነጋዴ እንዳከሰረ፣ ስንቱን ጎረቤት እንዳቀያየመም በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ በሱቃቸው ደጅ ከራሳቸው በርጩማ በቀር መቀመጫ አላኖሩም። "መቀመጫ ካለ ወሬ ይቀመጣል፣ ወሬ ከተቀመጠ ሐሜት ይከተለዋል" ይሉ ነበር። ገዢው ቆሞ ይገዛል፣ ቆሞ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ሰላምታን እስከ "ወበረካቱህ" ድረስ ሙሉ አድርገው ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ "ምን ልታዘዝ?" ነው። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ ሰውን መመርመር የማይመለከተውን መነካካት ይመስላቸዋል። ይህም ከኩራት የመጣ አልነበረም። እንዲያ ነው መልካም ሰው መሆን ብለው ነው።

አንድ ቀን የከሰዓቱ የዐስር ሰላት ካበቃ በኋላ፣ ሰማዩ በተራራው በኩል መጥቆር ሲጀምር፣ አንድ የማያውቁት ሰው በሱቃቸው ደጅ ቆመ። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆነው ነው። ልብሱ የመንገድ አቧራ ጠግቧል፤ ጥምጣሙ ግን በሥርዓት ተጠምጥሟል።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ምን ልታዘዝ?"

"ኧረ ምንም። ለሰላምታ ነው የመጣሁት። ከታች ምንጩ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ስምዎን በመልካም ሲያነሡ ሰምቼ ነው።"

"አላህ መልካም ያድርጋቸው" አሉ ሐጂ።

ሰውዬው ትንሽ ቆየና "ዘንድሮ አዝመራው እንዴት ነው በናንተ በኩል?" አለ።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ከብቱስ ሳር አገኘ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ አገኘ።"

ሰውዬው ክብደቱን ከአንዱ እግሩ ወደ ሌላው አዛወረ። ከሐጂ በርጩማ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አየና ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሣ። "ከተማችሁ ማታ ማታ ይበርዳል መሰለኝ።"

"ይበርዳል። ወሩ ነው።"

"ከበሩ ውጭ ያለው ትልቁ ዋርካ ግን ደህና ጥላ አለው።"

"ነበረው። አሁን ቅጠሉ ረግፏል" አሉ ሐጂ፤ እውነት ነበርና።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲህ ሐጂ፣ አላህ ያቆይዎት። በዱዓዎ አይርሱኝ።"

"አሚን፣ አንተንም" አሉና ጣቃቸውን ማጠፍ ያዙ። ለተጠየቁት ሁሉ እውነተኛውን መልስ ስለ ሰጡ ልባቸው አልከበዳቸውም።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ አገር ያለውን ደንብ ልንገርህ። የተከበረ ሰው ችግሩን በመጀመሪያ ቃሉ አይናገርም፤ ነውር ነው። አስቀድሞ የቤቱን ጌታ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። የቤቱ ጌታ መልሶ በተራው ይጠይቃል፤ አገርህ እንዴት ነው፣ መንገዱስ፣ አብሮህ ማን አለ ይላል። እንግዳው ሳይለምን ችግሩን የሚያወጣው በዚህ በተራው ጥያቄ ነው። ያ ሰው የራሱን ግማሽ ጨርሶ የሐጂን ግማሽ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ሲያጣው ሄደ።

ሐጂ ለመግሪብ ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸምሲያ የውሃውን ማሰሮ እያቀረቡ "ዛሬ ገበያው እንዴት ዋለ?" አሏቸው።

"ደህና ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ለሰላምታ ብሎ መጥቶ ነበር።"

"ለሰላምታ ብቻ?"

"እንዲያ ነው ያለኝ።"

"ሌላ ምን አለ?"

ሐጂ ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሸምሲያ ማሰሮውን አስቀመጡ።

"ብርድ ጠየቀዎት?"

"አዎ።"

"ለብቻው የመጣ ወንድ ብርድ አይጠይቅም፣ ሐጂ። ጋቢ አለው፤ መስጊድ አለለት። ስለ ብርድ የሚጠይቅ ሰው ከኋላው ሰው አለ ማለት ነው። እንደኔ እንደኔ ሴት ናት፣ ምናልባትም ልጅ። ስለ ዋርካው ሲጠይቅዎትስ ምን አሉት?"

"ቅጠሉ ረግፏል አልኩት።"

"ደግ አድርገዋል። እንግዲህ ዝናብ ሲመጣ ቅጠል በሌለው ዋርካ ሥር ላኩት።"

ሐጂ እጃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። "እኔ እኮ መልካም መናገር ካልቻልኩ ዝም ልበል ብዬ ነው፣ ሸምሲያ።"

"ሐዲሱን አውቀዋለሁ። ሲነግሩኝ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ" አሉ ወይዘሮ ሸምሲያ። "ግን እዚያው ሐዲስ ላይ እንግዳውን ያክብር የሚልም አለበት። እርስዎ ራሱን ይዘው ጅራቱን ለእኛ ተዉት። በሉ ይነሡ፣ በሩ ሳይዘጋ ይድረሱባቸው። ያለ እንግዳ እንዳይመለሱ።"

ሐጂ ጦይብ ሲሮጡ ያየ ሰው በዚያች ከተማ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ቡና ሻጮቹም፣ ቆዳ ፋቂዎቹም ሥራቸውን ትተው አዩአቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ በረኛው ሙህዬ አንዱን ሳንቃ ገፍቶ ሌላውን ሊይዝ ነበር።

"ሐጂ፣ በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?"

"እንግዳ ረስቼ ነው።"

"እንግዳም እንደ ዣንጥላ ይረሳል እንዴ?" አለ ሙህዬ። "አዛኑ እንዳበቃ እዘጋለሁ። ትእዛዝ ነው፤ ለእርስዎም ቢሆን አልከፍትም።"

"አውቃለሁ" አሉና ወጡ።

ዋርካው ከበሩ ሩቅ አይደለም። ከሥሩ አንዲት አህያ አንድ እግሯን አንሥታ ቆማለች። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ነጠላ ተወጥሯል፤ ከነጠላው ኋላ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ሰውዬው ሐጂን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ።

ሐጂ ያኔ ሌላ ነገር ገባቸው። "መቸገርህን አውቄ መጣሁ" ቢሉት ሰውዬውን ለማኝም ውሸታምም ማድረጋቸው ነው፤ ለሰላምታ ነው የመጣሁት ብሏቸዋልና። ቸኩለው ቤቴ ግባ ቢሉትም እንደ ምጽዋት ይቆጥረዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ምጽዋት ከሚቀበል ዝናብ ይቀበላል። ስለዚህ ሐጂ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች እየወረዱባቸው፣ ከነነጭ ጀለቢያቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወንድሜ። ስምህን ሳልጠይቅህ ሄድክብኝ።"

"ተማም እባላለሁ። ምነው ሐጂ፣ በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው። ከሰላምታችን ግማሹ እኔ ዘንድ ቀርቶብኝ ነው። አንተ ጠይቀኸኝ እኔ አልጠየቅሁህም።"

"ኧረ ምንም አልቀረም።"

"ቀርቷል። ተቀመጥ። አገርህ እንዴት ነው? አዝመራው ያዘ?"

ተማም ግራ ገብቶት ተቀመጠ። "አልሐምዱሊላህ፣ ይዟል።"

"ወላጆች ደህና ናቸው?"

"እናቴ ደህና ናት። አባቴ አኺራ ሄዷል።"

"አላህ ይዘንለት። ከብቱስ?"

ከበሩ በኩል የሙህዬ ድምፅ መጣ። "ሐጂ፣ ሙአዚኑ ወደ ሚናራው እየወጣ ነው።"

"ይውጣ" አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ከተማም ሳያነሡ። "ከብቱ ደህና ነው ወይ አልኩህ።"

"ከብቱ ደህና ነው። ይህቺ አህያ ብቻ ድንጋይ ረግጣ አነከሰች።"

"መንገዱስ እንዴት ነበር? አብሮህ ማን አለ?"

ተማም ወደ ነጠላው ዞሮ አየ። ከዚያ የታሰረ ነገር የተፈታ ይመስል በረጅሙ ተነፈሰ። "ባለቤቴ ዚነት ናት፣ ሐጂ። ወር ያልሞላት ልጅም አለችን። ወደ ወንድሟ እየወሰድኳቸው ነበር፤ አህያዪቱ እዚህ ቀረችብን።"

"ማሻአላህ። እንግዲህ ቤታችን ቅርብ ነው፤ ተነሡ።"

"የለም፣ ሐጂ፣ እዚሁ ይበቃናል። ማስቸገር አንፈልግም።"

ሐጂ በሱቃቸው ዋጋ ሁለት ጊዜ ተናግረው አያውቁም። አሁን ግን እንዲህ ያለው "የለም" ገና የንግግሩ መጀመሪያ እንደሆነ ያውቃሉ።

"ምንም ችግር የለም፤ ክፍሉ ባዶ ነው።"

"አላህ ይስጥልን፤ ግን ዝናቡ ያልፋል።"

አዛኑ ጀመረ። ሙህዬ ሁለተኛውን ሳንቃ ሲገፋ ማጠፊያው ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ሐጂ ቤቴ ድግስ አለ፣ ተሰናድተን እየጠበቅን ነው ለማለት ቃሉ ምላሳቸው ላይ መጣ። ለበጎ ነገር ትንሽ ውሸት ሰው ሁሉ ይለዋል። እርሳቸው ግን ዋጡት፤ በእጃቸው ያለውንም እውነት አወጡ።

"ተማም፣ እውነቱን ልንገርህ። ችግረኛው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ያለ እንግዳ እንዳትመለስ ብላኛለች። እናንተ ካልገባችሁ እኔም አልገባም፤ በሩ ይዘጋና እዚሁ አብረን እናድራለን። ጉልበቴ ደግሞ ብርድ አይችልም። ለሽማግሌ እዘኑለት።"

ተማም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። መልስ ሲፈልግ ከነጠላው ኋላ የሴት ድምፅ ቀደመው።

"ተማም፣ ሐጂን በዝናብ አታስደብድባቸው። አሁን እኮ የራሳቸውን ችግር ነው የነገሩህ። ተነሥ።"

ነጠላው ወረደ። ዚነት ልጇን አቅፋ ቀደመች፤ ተማም የምታነክሰውን አህያ ሳበ፤ ሐጂ ጓዙን ተሸከሙ። አዛኑ አብቅቶ ነበር። በበሩ ግን አህያ የሚያሾልክ ክፍተት ነበር፤ ሙህዬ መቀርቀሪያው ከእጁ ወድቆበት ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። መቀርቀሪያው እግሩ ሥር ነው። እነርሱ እስኪያልፉ፣ አህያዪቱም እስክታልፍ ሊያነሣው አልቸኮለም።

"ሐጂ፣ የዓመቱን ወሬዎን ዛሬ ጨረሱት" አላቸው።

"ለነገም አስቀርቻለሁ" አሉት።

ወይዘሮ ሸምሲያ ሕፃኗን ከደጅ ተቀበሏት። ሁልጊዜ በመስጊዱ የመጀመሪያ ሰፍ፣ በፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ የሚቆሙት ሐጂ ጦይብ ያን መግሪብ ከተማም ጋር በመጨረሻው ሰፍ ሰገዱ፤ ልባቸው ግን እንደዚያ ቀን ረግቶ አያውቅም።

እንግዶቹ የአህያዪቱ እግር እስኪድን ተቀመጡ። በሚሰናበቱበት ጠዋት ሐጂ ተማምን "ያን ቀን ሱቄ ደጅ ላይ ስትቆም ለምን አልነገርከኝም?" ብለው ጠየቁት።

ተማም አፈር ብሎ ፈገግ አለ። "ችግር ቆሞ አይወራም፣ ሐጂ።"

በዚያው ቀን ሐጂ ከአናጢው ዘንድ ሌላ በርጩማ ወሰዱና ከራሳቸው በርጩማ ጎን አኖሩት። የገበያው ሰው ዝም አላለም። ጎረቤታቸው የሆነው ቅመም ሻጭ "ሐጂ፣ ደግሞ ወሬ ሊሸጡ ነው?" ብሎ አሾፈባቸው። ሐጂ በርጩማውን በመዳፋቸው ጠረጉና እንዲህ አሉ፦

"የእንግዳ ችግር ከሰላምታው ኋላ ተቀምጣለች። ሰላምታውን ሳይጨርስ የተነሣ አያገኛትም።"

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። እኔ ማንኛውንም ነገር ምን አስወጣ፣ ምን አስገባ ብዬ የማየት ልማድ አለኝ፤ ንግድ ያስተማረኝ ይህንን ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ "መንገዱ እንዴት ነበር፣ አብሮህ ማን አለ" ማለት ከቤቱ ጌታ የሚያስወጣው ምንም የለም፤ ትንፋሽ ነው። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የምንሰስተው እርሱን ነው። ገንዘብ የሚሰጥ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሰውን መመርመርና ሰውን መጠየቅ አንድ እንዳልሆኑም ልብ በል። መርማሪ የሚጠይቀው ለራሱ ሊያውቅ ነው፤ ጨዋ የሚጠይቀው ሌላው እንዲናገር በር ሊከፍትለት ነው። ሐጂ ጦይብ ከሐሜት ሲሸሹ ይህን በር አብረው ዘግተውት ነበር። ዝምታቸው ኃጢአት አልነበረም። ግን ከዝምታው በዚህ በኩል እርሳቸው በሰላም ተቀምጠው ሳለ፣ በዚያ በኩል አንዲት ሕፃን ዝናብ ትጠብቅ ነበር።

እንግዲህ የማታውቀው ሰው በደጅህ ቆሞ ስለ አየሩ ቢያወራህ፣ ስለ አየሩ ብቻ ነው ብለህ አትቸኩል። መልስለት፤ ከዚያ በተራህ ጠይቀው። ምናልባት ምንም ላይፈልግ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ከአንድ የአላህ ባሪያ ጋር ጥቂት ተጫወትክ፣ አልከሰርክም። ከጥያቄው በፊት ግን በርጩማውን አቅርብለት። ሰላምታ ተቀምጦ ሲሆን ነው የሚያልቀው።