የአባት ካፖርትና ሦስቱ አንቴናዎች

በአንድ ወቅት፣ ተራራ የቴሌቪዥን ስርጭት በጋረደበት መንደር ወይዘሮ አስካለች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ደምሳሽ በሕይወት ሳሉ፣ የቴሌቪዥኑ ምስል በተበላሸ ቁጥር ካፖርታቸውን ደርበው ይወጡና አንቴናው የታሰረበትን አጣና ያዞሩ ነበር።

«አሁንስ?»

«ያዘ! ኧረ ሄደ! ትንሽ ወደ ቤተክርስቲያኑ በኩል!» ይላሉ አስካለች በመስኮት።

እንዲህ ሲጯጯሁ ያመሻሉ። ዜናውን ግን አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሰምተውት አያውቁም።

ደምሳሽ ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «እናታችሁን ብቻዋን አትተዉብኝ። አደራዬን የተወጣ ካፖርቴን ይልበስ» አሉ። ከቀብሩ በኋላ አጣናውን ነፋስ ጣለው፣ ምስሉም ጠፋ። አስካለች የሚንጫጫውን ነጠብጣብ እያዩ ይቀመጡ ጀመር። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ የሚጣሉት ሰው እንኳ ያሳጣል።

ታላቁ ልጅ ጌታሰው ከከተማ ዲሽ አመጣ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ አዙሩልኝ ማለት ቀረ» አለ። እውነቱን ነው፤ ምስሉ ኩልል አለ። እሱም ሥራ አለበትና በማግስቱ ተመለሰ። አንድ ምሽት አስካለች ራሳቸውን ረስተው በመስኮት «ያዘ!» ብለው ጮኹ። የመለሰላቸው የለም። መስኮቱን ዘግተው አለቀሱ።

ይህን የሰማች ሴት ልጃቸው ውድነሽ፣ «ዲሹ የሚያወራው ዐረብኛ ነው፤ ጎረቤት ምን ሊሰማ ይመጣል?» አለች። ረጅም ባሕር ዛፍ አስቆርጣ፣ ያገሩን ጣቢያ የሚስብ አንቴና ጫፉ ላይ አስራ በደቦ አስተከለችው። በደቦ የተተከለ ደግሞ የሁሉም ነውና የደከመበት ሁሉ ሊያይ መጣ። ቤቱ ሞላ። የደምሳሽ ወንበር ላይ የቀደመ ይቀመጣል፤ አስካለች በር ሥር ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው «እንዴት ዋሉ?» ብሎ መልሱን የሚጠብቅ ግን አልተገኘም።

ታናሹ ይርዳው ምንም አልገዛም። የወደቀውን ያባቱን አጣና አነሣና የአንቴናውን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቀጠለ። እሁድ እሁድ ከወንዝ ማዶ እየመጣ ያዞራል።

«አሁንስ?»

«ሄደ! አንተ ልጅ፣ ያባትህ እጅ የለህም!» እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ምስሉ አንድም ቀን አልጠራም። ማታ እሱ ሲሄድ ቤቱ ከቀድሞው የባሰ ጭር ይላል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ሦስቱ አንቴናዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ሦስቱ ልጆችም እናታቸው ፊት።

«ዓይኗ ያረፈው በእኔ ነው» አለ ጌታሰው።

«ቤቷ ሰው ያየው በእኔ ነው» አለች ውድነሽ።

«የሳቀችው ከእኔ ጋር ነው» አለ ይርዳው።

አስካለች ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ያዙ። «እሱ ቢኖር ይፈርድ ነበር» አሉ።

እሱ የለም። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ አደራውን የተወጣው የትኛው ነው? ካፖርቱስ ለማን ይገባል?