ሁለተኛው ጉርሻ

አንዲት አማት በገዛ ማዕዷ ላይ ምራቷን አስለቅሳ ሰደደች። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ልጇን ድራ፣ በቅልቅሉ ዕለት ዘመድ አዝማድ ሰበሰበች። በዶሮ ወጥ የራሰ ጉርሻ ጠቅልላም ለሙሽራዋ ለጥሩወርቅ ዘረጋች። ጥሩወርቅ አፏን በጥቂቱ ከፍታ ከጫፉ ቆረሰች።

«ውይ፣ እንደ ወፍ ትለቅማለች እንዴ!» አለች የሙሽራው አክስት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ደብሪቱ አፈረች፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አገዘፈችው።

«እንኪ ልጄ፣ አንድ ያጣላል!»

«ይብቃኝ እትዬ፣ አልችልም።»

«በሞቴ! በሰው ፊት እጄን ልትመልሺው ነው?»

ጥሩወርቅ እንደ ምንም አፏን ከፈተች። ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጉርሻውን መዳፏ ላይ ተፍታ ፊቷን ሸፈነች።

«እጄን የተጸየፈች ቤቴን አትርገጥ!» አለች ደብሪቱ። ልጇ ሚስቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ፋሲካው አለፈ፣ እንቁጣጣሽ መጣ፤ ልጇ ግን ደጇን አልረገጠም።

በመጨረሻ ናፍቆት አሸነፋትና ቤቱ ሄደች። ልጇ ሚስቱን ሐኪም ዘንድ ሊወስድ ሲወጣ አገኘችው። «ነይ፣ ራስሽ ስሚው» አላት።

ሐኪሙ የደብሪቱን ጣት ይዞ ከጥሩወርቅ ጆሮ ሥር አኖረው። ምራቷ አፏን ስትከፍት ያ ያጎረሰ ጣት ቀጭታውን ሰማ።

«የመንጋጋዋ መጋጠሚያ ነው» አለ ሐኪሙ። «በመካከሉ ያለው ትራስ መሳይ ነገር ይንሸራተታል። ጥርሷ ደህና ነው፣ አይነቀልም። ለስላሳ ምግብ፣ ሞቅ ያለ ጨርቅና የመንጋጋ ማፍታቻ እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል። ስትጨነቅ ጥርሷን ግጥም አድርጋ መንከስ ትተው፤ በግድም አፏን አታስከፍቷት። ብዙው ሰው በዚህ ይሻለዋል።»

«ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?» አለች ደብሪቱ።

«ገና በሙሽርነቴ በሽተኛ ናት እንዳትሉኝ ፈርቼ ነዋ፣ እትዬ።»

ደብሪቱ «ይቅር በይኝ» ብላ ምራቷ ጉልበት ላይ ወደቀች። ጥሩወርቅ ቶሎ አነሳቻት።

ቤት ገብተው ማዕድ በቀረበ ጊዜ ደብሪቱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጉርሻ ጠቀለለች። «ላጉርስሽ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩወርቅ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያም ፈገግ አለች።

«አንድ ያጣላል፣ እትዬ።»

ፍቅራችን እውነተኛ ቢሆንም፣ የሚቀበለው ሰው የት ላይ እንደሚያመው ካልጠየቅን ያቆስላል። እናንተስ ኩራት ነው ብላችሁ የፈረዳችሁበት እምቢታ ሕመም ይሆንን?

ደብሪቱ ዘግይታ ነው የጠየቀችው። ጥሩወርቅ ይቅር ብላታለች፤ እባካችሁ፣ እናንተም ይቅር በሏት።