የደብሪቱ የሐር ማተብ

ተረት ልፈትል ነው። «ፍተይልን፣ እንስማ!» በሉኝ።

ደብሪቱ የምትባል ልጅ ያልወጣላት መበለት ነበረች። ጎረቤቷ ሴት ልጅ ወለደችና «ክርስትና አንሺልኝ» አለቻት። ደብሪቱም ከደስታዋ ብዛት በአራሷ ፊት አፏ አመለጣት፦ «ማተቧ ሐር ይሆናል፤ የጥጥማ ማንም ያስራል!»

አራሷን ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ተጠቃቀሱ። «ሰማንሽ፣ የሐሯ እመቤት! ሐሩ ከቀረ ልጅቷን ሌላ ታነሳታለች።»

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና ደብሪቱ ጊዜ ነበራት። ገማጇ ዘንድ ሄደች። «እህቴ፣ ማተብ ግመጅልኝ።»

«ነጋዴው ሐር ካልሰጠኝ ምን ልገምድ? ጸጉሬን?»

ነጋዴው ዘንድ ሄደች። «ጌታው፣ ሐር ይስጡ፤ ገማጇ አልገመደችም፣ ሕፃኗ ማተብ አላሰረችም።»

«ግመሌ ሳይጭን ከየት ላምጣ?»

ግመሉ ዘንድ ሄደች። «አያ ግመል፣ ጫን እንጂ! ነጋዴው አልሰጠም፣ ገማጇ አልገመደችም፣ ሕፃኗ ማተብ አላሰረችም።»

ግመሉ እያመነዠከ፦ «የሐር ትሏ ካልፈተለች ነፋስ ልጫን?»

አገር አቋርጣ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ትሏን ቅጠል ስትበላ አገኘቻት። «እመት ትል፣ ፍተይ! ግመሉ አልጫነም፣ ነጋዴው አልሰጠም፣ ገማጇ አልገመደችም፣ ሕፃኗ ማተብ አላሰረችም።»

«አልፈትልም» አለች ትሏ። «ፈትዬ በሠራሁት ቤት ገብቼ ስተኛ፣ ሰዎች፣ ክንፍ አውጥታ ስትወጣ ክሩን ትበጥሰዋለች ብለው ከነነፍሴ ይቀቅሉኛል። ነገሥታት ለበሱኝ፣ ካህናት ለበሱኝ፤ አንድ ሰው እንኳ ጠየቀኝ?»

ልጅቷ ከደብሪቱ እጅ ልትወጣ ነው። ደብሪቱ ግን ከመቀነቷ እንዝርቷን መዘዘች።

«የተበጠሰ ክር የሚፈራ፣ ጥጥ ፈትሎ የማያውቅ ነው። አንቺ ቤትሽን ብሺና ውጪ። የተቀደደውን እኔ እንደ ጥጥ ባዘቶ አድርጌ እፈትለዋለሁ።»

ትሏ ፈተለች፣ ተኛች፣ ክንፍ አውጥታ በረረች። ደብሪቱ የተቀደደውን ባዘቶ አድርጋ በእንዝርት ፈተለች። ግመሉ ጫነ፣ ነጋዴው ለራሱ ቆንጥሮ አስቀርቶም ቢሆን ሰጠ፣ ገማጇ ገመደች፣ ሕፃኗም ማተብ አሰረች።

ሴቶቹ ማተቡን ዳሰሱት። «ይሄ ምኑ ሐር ነው? ቋጠሮ በቋጠሮ!»

«አዎ፣ ሸካራ ነው» አለች ደብሪቱ፣ የክርስትና ልጇን አቅፋ። «ግን ማንም አልተቀቀለበትም።»

የተረቴን ክር ቋጨሁ፤ እንዝርቴን መልሱልኝ።