አንሙት የረታበት ማር

በእኛ ቀበሌ አንድ ሰው የሌላውን ድርሻ ጠራርጎ ሲወስድ ስለ ንብ የሚጣልበት አባባል አለ። ወጣቶቹ ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የተባለበትን ሰው አውቀዋለሁ፤ ስስታም እንኳ አልነበረም፣ እልኸኛ እንጂ። ደጉ አንሙት ነው።

በቀበሌው የመጀመሪያውን የሳጥን ቀፎ ያስገባው እሱ ነው። ወደ ሳጥኑ የተዛወረው ንብ ግን የሚስቱ የትርንጎ ነበር፤ አባቷ ሲድሯት በጭቃ ቀፎ አሸክመው የላኩላት። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ከአባቷ ቤት የቀራት እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ?» ሳትለው ሥራ አትጀምርም ነበር።

የአንሙት አበልጅ እንየው ደግሞ ሦስት የጭቃ ቀፎ ነበረው። አንድ ቀን ከዕድር ሲመለሱ ለከፈው።

«ያ ሳጥንህ የእህል ጎተራ ነው ወይስ የንብ ቤት?»

«በማር ብዛት ያንተን ሦስቱን ብቻውን ይረታቸዋል!»

ተወራረዱ። የተረታ ለረቺው ቀፎ የሣር ዳስ ሊሠራ።

ኅዳር ገብቶ ማር ተቆረጠ። የእንየው ሦስቱ ቀፎዎች አራት ማሰሮ ሞሉ። የአንሙት ቀፎ ባለ ሁለት ደርብ ነው፤ የላይኛው ሳጥን ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። የግብርና ባለሙያዋ ቀፎውን ስትሰጠው «የላዩ የእናንተ፣ የታቹ የንቡ» ብላዋለች። አሁን ግን ዐይኑ ታች ታች ያይ ጀመር።

«ተው አንሙት! እሱ የበጋ ቀለቡ ነው» አለች ትርንጎ።

«ንብ እኮ እንደ እኔ ሰነፍ አይደለም፤ መልሶ ይሠራዋል።»

«አበባው ረግፎ በምን ይሠራዋል?»

አልሰማትም። የታችኛውን ሳጥን የማር እንጀራ አንድ ሳያስቀር ቆረጠው። አምስት ማሰሮ! መንደሩን በፉከራ አናወጠው።

ጥር ላይ ንቡ ርቦት ቀፎውን ጥሎ ወጣ። ትርንጎ ይሰፍር እንደሆን ብላ አፈር እየበተነች እስከ ወንዙ ተከተለችው፤ አልሰፈረም። ተመልሳ ቀፎው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። አንሙት አጠገቧ ቁጭ አለ። ከስንት ዓመት በኋላ ለእኔ ሲያወራኝ እንኳ ድምፁ ይሰበር ነበር።

በሳምንቱ እንየው ሣርና ማገር ተሸክሞ ከተፍ አለ።

«የተረታሁትን ዳስ ልሠራ መጣሁ።»

«ተወው አበልጄ፣ የሚጠለልበት የለም» አለ አንሙት አንገቱን ደፍቶ።

እንየው ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጠፈ። ዝም። ትርንጎን አያት።

«ቃል ቃል ነው፤ እሠራዋለሁ» አለ። «መስከረም ላይ ንቤ ሲከፈል አንዱን መንጋ ለትርንጎ አመጣለሁ። ላንተ አይደለም!»

አንሙት ማገር እያቀበለ፣ እንየው ሣር እየከደነ፣ ሁለቱም ፀሐይ ላይ ሲለፉ ዋሉ። ትርንጎ ውሃ ይዛላቸው ስትመጣ የሚያምረውን ዳስ አየች፤ ከሥሩ ያለውን ጭር ያለ ሳጥን አየች፤ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና ባሏን ትከሻውን መታ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ለንቡ ያልተወለት፣ ባዶ ቀፎ ተረፈለት!»