ኮሎኔሉና አሮጌው ስፒከራቸው

ይህን ያወራችልኝ በሠርጉ ድንኳን ጠጅ ስትቀዳ የዋለችው አስካለ ናት። ኮሎኔል ይርዳው ልጃቸውን ሲድሩ፣ በጎረምሳነታቸው የገዙትን ስፒከር ከዱባይ ከመጣ ጉልበተኛ አዲስ አምፕሊፋየር ጋር እንዲያገናኝላቸው ጓሯቸው ቤት የተከራየውን ሰውዬ አዘዙት። ሰውዬው አሮጌው ስፒከር እንዳይቃጠል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢከፍትላቸው ጮኹበት።

«እስከ ጥግ ክፈተው! አስፋልቱ ድረስ ካልተሰማ ቤቴን ትለቃለህ። ስፒከሬ ከተቃጠለም ትለቃለህ!»

ሰውዬው እርጉዝ ሚስቱን አየት አደረገ። ከዚያ እየዘለሉ ወደሚጨፍሩት ሚዜዎች አመለከተና፣ «ጋሼ ይርዳው፣ ስፒከሩ የእርስዎ እኩያ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ የእነዚህ እኩያ» አላቸው። «እርስዎ ይሄ ዘፈን እስኪያልቅ ከእነሱ እኩል ይዝለሉ፤ እኔም እስከ ጥግ እከፍተዋለሁ።»

ኮሎኔሉ ጉልበታቸውን አሸት አሸት አድርገው ተቀመጡ። ስፒከሩ ዛሬም ይዘፍናል። ሰውዬውም እዚያው ጓሮ ልጁን ክርስትና አስነሳ።