ሸህ ሙዘይንና የጧሃ ልጅ

ስሟን የነገሩኝ ሽማግሎች እርስ በርስ በማይስማሙባት አንዲት የድሮ ከተማ፣ ከመስጂዱ ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ኪታብ ያቀራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በየቲሞች ጉዳይ ነበር። እናትና አባቱን ያጣ ሕፃን ሲኖር ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ልጅ የሚሹ ባልና ሚስትም ወደ እሳቸው ይሄዳሉ። እንዲህ ስላችሁ ግን ልጅ አንስተው ያስረክቡ ነበር ማለቴ አይደለም። መንገዱ ረጅም ነው፤ መሃል ላይ የሚመለሰው ብዙ ነበር።

ሸሁና ባለቤታቸው ረውዳ ራሳቸው ልጆች ነበሯቸው። በአንድ የወረርሽኝ ክረምት ሁሉንም ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ረውዳ አልወለዱም።

በዚያችው ከተማ ይማም የሚባል ኮርቻ ሰፊና ሚስቱ ሉባባ ነበሩ። ከተጋቡ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ሉባባ ጎረቤት በወለደ ቁጥር ገንፎ ይዛ ትሄዳለች፣ ሕፃኑን ታቅፋ ትመርቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ክንዷ ባዶ መሆኑ ይታወቃታል። ይማም ሱቁ ደጃፍ ላይ ልጆች ሲጫወቱ መርፌውን እንደያዘ ይቆያል። ሁለቱ ስለዚህ ነገር ማውራት ካቆሙ ቆይተዋል።

አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሸሁ ዘንድ ሄዱ። ሸሁ ጉዳያቸውን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ልጁን ለምንድነው የፈለግኸው፣ ይማም?»

«ስሜን የሚያስጠራልኝ እንዲኖር ብዬ ነው።»

ሸሁ አልተቆጡም። ሸሪዓው የቲምን ማሳደግ ታላቅ አጅርና ምንዳ ያለው ሥራ አድርጎታል፤ ነገር ግን ልጁ የሚጠራው በወላጅ አባቱ ስም ነው፤ ነሰቡ፣ የዘር ሐረጉ አይቀየርም፣ ማንነቱም አይደበቅበትም ብለው አስረዱት። እንደ ወለዱት ልጅም አይወርስም፤ ከፈለጉ በሕይወት እያሉ ይሰጡታል፣ ወይም ሸሪዓው በፈቀደው ልክ ይናዘዙለታል። ይህን ሁሉ ዘርዝረው፣ «ሂዱና አስቡበት» ብለው ሸኟቸው።

ይማም ከፋው። ሌላ ሰው ወልዶ፣ ሌላ ሰው ተጠርቶበት፣ እኔ ምን ልሆን ነው አለ። ሉባባ ቤት ከገቡ በኋላ ነገሩን አላነሳችውም። ከሳምንታት በኋላ አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ ሶላት ሲመለስ፣ ሚስቱ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ዱዓ ስታደርግ ሰማት። የራሴ የምለው ልጅ ስጠኝ ስትል አልነበረም። «ያ ረቢ፣ ሲያለቅስ የማባብለው አንድ ልጅ» ነበር የምትለው። ይማም በሩ ላይ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቀ። በማግስቱ ብቻውን ሸሁ ዘንድ ሄዶ፣ «በአባቱ ስም ይጠራ፤ እኛ ቤት ይደግ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ሸሁ ሥራቸውን የጀመሩት። ሳይነግሩ ቤታቸው መጡ። ጎረቤቶቻቸውን አነጋገሩ። ግቢው ውስጥ ያለውን ጉድጓድ አይተው ክዳን እንዲሠራለት አዘዙ። የሉባባ ታናሽ እህት ዙበይዳ ያን ጊዜ ሴት ልጅ ታጠባ ነበርና ልጅ ሲገኝ እንድታጠባው ከነባሏ ጠይቀው አስፈቀዱ። ዙበይዳ ካጠባችው በሸሪዓው የጡት እናቱ ትሆናለች፤ ሉባባም አክስቱ። እንግዲያው ሲያድግ እሱና ሉባባ በአንድ ቤት እንደ ባዳ አይተያዩም።

ብዙም ሳይቆይ ጧሃ የሚባል፣ ከሩቅ አገር ለቂርአት የመጣ ደረሳ በንዳድ ሞተ። ነፍሰ ጡር ሚስቱም ወንድ ልጅ ወልዳ በአራስ ቤት ተከተለችው። ሕፃኑ ሙኽታር ተባለ። ሸሁ ወደ ቤታቸው ወሰዱትና ለረውዳ ሰጧቸው። ለይማምና ለሉባባ ልጁ ለእነሱ የታሰበ መሆኑን ነገሯቸው፤ ነገር ግን ዘመድ ካለው ዘመዱ ስለሚቀድም፣ ወደ ጧሃ አገር በሚሄዱ ነጋዴዎች ቃል ልከዋል። መልሱ እስኪመጣ ሉባባ ልጁን ባታየው ይሻላል አሉ። ልቧ ተጣብቆ ኋላ እንዳይቆረጥ ነው።

ሉባባ እሺ አለች። ዙበይዳ ግን በየቀኑ ረውዳ ቤት ሄዳ ሙኽታርን አጥብታ ስትመለስ እህቷ ጋ ትገባለች። ዛሬ ዓይኑን ገለጠ፣ ዛሬ ሳቀ፣ ዛሬ ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ ትላታለች። ሉባባ እየሰማች የእህቷን ነጠላ ተቀብላ ፊቷ ላይ ታሳርፋለች። ነጠላው የወተትና የሕፃን ሽታ ነበረው።

ክረምቱ አልፎ ነጋዴዎቹ ተመለሱ። የጧሃ ወላጆች ሞተዋል። የተረፈው አንድ በጣም ያረጀ አጎት ነው፤ እሱም አላህን የሚፈራ ሰው ያሳድገው፣ የወንድሜን ልጅ ስም ብቻ አታጥፉብን ብሎ ልኳል።

ሸሁ ይማምንና ሉባባን ለሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀጠሯቸው። ሲገቡ ረውዳ ሙኽታርን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ መለሱ፤ ከቦታቸው ግን አልተነሱም። ልጁን የያዙበትን እጅ ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሌላ ምልክት አያሻውም። ልጆቻቸውን ሁሉ ከቀበሩ ወዲህ በዚያ ቤት ሕፃን ሲተነፍስ ያደረው አሁን ነው።

ይማም ሚስቱን አየ። ሉባባ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ይማምም ወደ ሸሁ ዞሮ እንዲህ አለ፦ «እኛ ገና ነን፤ አላህ ሌላ ያመጣልናል። እማ ረውዳ ይቅርልኝ ካሉ፣ እኛ ሳንቀየም እንመለሳለን።»

ሕፃኑ ሸሁን ለምዷቸው ነበርና ወደ ጢማቸው እጁን ዘረጋ። ወደ እሱ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እሺ ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ለቀዋልና።

በመጨረሻ ረውዳ፣ «አንቱስ ምን ትላላችሁ?» አሉ።

«እኔማ እፈልገዋለሁ» አሉ ሸሁ። «የምፈልገው ለራሴ መሆኑን ስላወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ በኋላ አላዘዙም፣ አልመከሩም፤ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ረውዳ አለቀሱ። አልቅሰው ሲጨርሱ ተነሱና ሙኽታርን በሉባባ ክንድ ላይ አስቀመጡት። «ጀርባውን ካልደባበሱለት አይተኛም» አሏት። «በግራ ጎኑ አታስተኚው፣ ያስለዋል።» ሉባባ የረውዳን እጅ ሳመች።

ልጁ ሙኽታር ጧሃ ተብሎ አደገ። ይማም ገበያ ላይ ማነው ይሄ ልጅ ሲባል፣ «የደረሳው የጧሃ ልጅ ነው፤ እኔ አሳዳጊው ነኝ» ይላል፤ መጀመሪያ ምላሱ ላይ ከብዶት ነበር፣ ኋላ ግን ይኮራበት ጀመር። ሉባባ ልጁን ይዛ ረውዳን ትጠይቃለች። የረውዳ ናፍቆት ግን አልሻረም፤ ልጁ በወጣ ቁጥር ደጃፍ ላይ ቆመው ይሸኙታል፣ ከታጠፈም በኋላ ይቆማሉ።

ከዓመታት በኋላ ሸሁ ታመው ሲተኙ ይማም ሊጠይቃቸው ሄደ። ያን ቀን እኛ ለቀንላችሁ ሳለ ለምን አልተቀበላችሁም ብሎም ጠየቃቸው። ሸሁ እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሽማግሌ ነኝ። ብይዘው የቲም አሳደገ የምባለው እኔ ነኝ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የቲም የሚሆነው ግን እሱ ነው።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጅ መናፈቅ ነውር አይደለም። ነብዩ ዘከሪያም ጸጉራቸው ሸብቶ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጌታቸውን የለመኑት ልጅ ናፍቀው ነው። ሸህ ሙዘይንም ናፍቆታቸውን አልካዱም፤ እፈልገዋለሁ ብለው ባለቤታቸው ፊት ተናግረዋል። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ናፍቆታቸውን የሕፃኑ ጉዳይ ላይ ዳኛ አላደረጉትም። ከእኛ መካከል የቲም ለማሳደግ የሚያስብ ካለ፣ ሸሁ ይማምን የጠየቁትን ጥያቄ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ስሜ፣ ቤቴ፣ እርጅናዬ ከሆነ ትንሽ ይቆይ። አላህ የናፈቀውን ሰው ያውቃል፤ የተናፈቀውንም ሕፃን ያውቃል። ሁለቱን በኸይር ያገናኝልን፤ ላልተገናኙትም እንደ ረውዳ በር ላይ ቆሞ የመሸኘትን ሶብር ይስጥልን።