የአያ ጃርት ኮርኒስ

ተጠጉማ። ዛሬ የማወራላችሁ አራዊቱም፣ የቤት ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን የሆነ ነው። እኔ ላውራ፣ እናንተ «እሺ!» በሉ።

እሺ!

እግዚአብሔርን የሚፈራ አንድ ጃርት ነበር፤ አያ ጃርት ይሉታል። ወንድሙ ገብረ ሕይወት በጠና ታመመበት። «ሰባት ምሽት ዳዊት እደግምልሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት። የወንድሙን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ዳዊቱ ላይ አኖረ፤ ከየመዝሙሩ በኋላ እያየ ሊጠራው።

ቤቱ ግን እድሳት ላይ ነበር። ኮርኒሱ አዲስ፣ ቀለሙ አዲስ፤ መብራት የለም። ሚስቱ ጃርቲት የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ቀበሮን ጠራች።

ቀበሮ መጀመሪያ ሻንደሊየር የሚሉትን፣ ከኮርኒስ የሚንጠለጠል ትልቅ መብራት አመጣ። ሻንደሊየሩ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ፣ «እኔ የተሰቀልሁበት ቤት እንግዳ አያጣም!» አለ። ሰቀሉት። ጃርቲት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ወይ ማማር!» አለች። አያ ጃርት ከሥሩ ተቀምጦ ዳዊቱን ገለጠ። ምን ያያል? አንድ ጎርባጣ ጥቁር ነገር ገጹ ላይ ተኝቷል። አንድም መዝሙር ሳይደግም ምሽቱ አለፈበት።

«አንድ መብራት ስለሆነ ነው ጋሼ፤ እናብዛው» አለ ቀበሮ።

በማግሥቱ ሻንደሊየሩ ወርዶ ስፖት የሚባሉ አሥራ ሁለት ትንንሽ መብራቶች ኮርኒሱ ውስጥ ገቡ። «አሥራ ሁለት ነን፣ ማን ይችለናል!» አሉ በአንድ አፍ። ቤቱ ቀን መሰለ። ወለሉ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ሳትቀር ታየች። አያ ጃርት ዳዊቱን ገለጠ፤ ደነገጠም። መስመር በመስመር ላይ ተጋድሟል። ፊደሉ ሁሉ እሾህ አብቅሏል። የገብረ ሕይወት ስምማ ተሰርዟል፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ!

«ጃርቲት! ወንድሜን ከሕይወት መዝገብ ፋቁት! ጸሎቴን አልተቀበለኝም!»

«ኧረ ተው አንተ ሰው! እስክሪብቶ የያዘ አየህ?»

ይቺ ጥያቄ ያዘችው። እውነትስ፣ ማን ሰረዘው? ጎንበስ አለ፤ መስመሮቹ አብረው ጎንበስ አሉ። ቀና አለ፤ ተከተሉት። አስነጠሰው፤ ተንቀጠቀጡ። ይሄ ነገር ምንድን ነው?

«እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለ ወደ ኮርኒሱ።

«እኛ ማብራት ነው ሥራችን፤ የታቹን አንጠየቅም!» አሉ አሥራ ሁለቱ።

«ጋሼ ጃርት» አለ ከጥግ አንድ ቀጭን ድምፅ።

መብራቶቹን የሸጠው ባለ ሱቅ በምርቃት የሰጠው ትንሽ አባጁር፣ የጠረጴዛ መብራት ነበር። ከካርቶኑ ያወጣው እንኳ የለም።

«እነሱ ያሉት ከአናትዎና ከጀርባዎ ነው። ጀርባዎ ላይ ምን እንዳለ ረሱት?»

አያ ጃርት እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ወጋው። የገዛ እሾኹ!

ጃርቲት እስክትወድቅ ሳቀች። «ወንድምህን የሰረዝከው አንተው ነሃ!»

«ይልቅ እነሱን ያጥፉና እኔን ከመጽሐፉ ፊት ያቁሙኝ» አለ አባጁር።

አቆመው። ጥላው ሁሉ ተነሥቶ ወደ ኋላው ግድግዳ ሸሸ። ፊደሉ ጠራ። አያ ጃርት «ተመስገን» ብሎ ጀመረ፤ ደገመ፤ «ወንድሜን ገብረ ሕይወትን አስበው» አለ። ሰባቱን ምሽት ከዚያች ዕለት ቆጥሮ አንዱንም ሳያጓድል ጨረሰ።

በስምንተኛው ቀን ገብረ ሕይወት ከስቶ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ ግን በእግሩ መጣ። ደጁን እንዳለፈ ቀና ብሎ፣ «አቤት የመብራቱ ብዛት! ቤት አደስክ እኮ!» አለ።

አያ ጃርት የወንድሙን አገጭ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ታች መለሰው። «እዚህ ነው የሚታየው» ብሎ ጥርት ያለውን ስሙን አሳየው። ሁለቱም አለቀሱ።

ተረቴ ይኸው ነው። እናንተም ቤት ስታድሱ መብራትን አንጋጣችሁ አትምረጡት። ከምታነቡበት፣ ከምትሠሩበት ቦታ ተቀመጡና ጎንበስ ብላችሁ እዩት። እግዚአብሔር የሁላችንንም ዓይን ይጠብቅ።